የአንጓች ቁም ተዝካር

ባለፈው ሰሞን ዳንግላ የጓደኛዬን የመምህርት ሙሉጎጃምን ሙት ዓመት ውዬ በሚኒባስ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ብርቱካን ላጠች። ላጠች እንጂ አልበላችም። መኪና ያዞራታል መሰለኝ፣ ልጣጩን እየቆነጠረች አፍንጫዋ ሥር ትይዘዋለች። ረዳቱ ብርድ ነው፣ መስኮት ዝጉ እያለ ይነዘንዛል፤ ሽታው መኪናውን ሞላው። ድሮ ብርቱካን ነፍሴ ነበር። ከታመምሁበት ዘመን ወዲህ ግን ቤቴ ገብቶ አያውቅም፤ ገና ሲሸተኝ አፍንጫዬን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። ልጅቱ ዞር ብላ አየችኝና "እማማ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ። "አሞኝ ነበር፤ ዛሬ ግን አይደለም" አልኋት። አልገባትም። ከልጣጩ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ደግ ልጅ ናት፣ ተቀበልኋት። እስከ ቤቴ ድረስ በእጄ ይዤው ያን ዘመን ሳመነዥክ ሄድሁ።

ያኔ ከመናኸሪያው ጀርባ ሻይ ቤት ነበረችኝ። ቆርቆሮ ክዳን፣ አራት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የምትንገዳገድ ጠረጴዛ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስከ በሩ ድረስ ይገባ ስለነበር ደንበኛ መጣ ብዬ ብርጭቆ ያነሳሁበት ጊዜ አለ። ሻይ ሦስት ብር፣ ቦምቦሊኖ ሁለት ብር፤ ዛሬ በዚያ ዋጋ ስኳሩን እንኳ አያሸትቱትም። ዩኒቨርሲቲው ገና ሲገነባ ነበርና የቀን ሠራተኞቹ ሲሚንቶ እንደለበሱ ይገባሉ፤ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል የጫኑ የአይሱዙ ሾፌሮች ፊታቸው ጠቁሮ፣ ጥርሳቸው ብቻ እየታየ ይገባሉ። ሚኒባሶቹ ሞተራቸው እስኪሞቅ በፍላሽ የተጫነ የጎጃም ዘፈን ይለቁታል፤ ብርጭቆ እያጠብሁ ትከሻዬ ሳላዝዘው እስክስታ ይመታ ነበር። የኔ ዕድሜ ሴቶች ረጅም ጀርሲ ቀሚስ በሹራብ፣ ቆነጃጅቱ ደግሞ ሰው ሠራሽ ፀጉር ከጀርባቸው የሚወርድ። ባጃጅ እንደ ዛሬው እንደ ዝንብ አልፈላም ነበር። ከተማችንን የቢሮው ወረቀት ሁሉ እንጅባራ ይላታል፤ እኛ ቆሰበር እንላለን። ዛሬም እንላለን፤ ማን ከለከለን።

ጡቴ ውስጥ ያለውን እብጠት ያገኘሁት በዚያች ቤት እያለሁ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ መቼም ምንም ነገር መደበቅ የማልችል ሴት ነኝ፣ በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ቀረብሁ። የደበቁት ሌሎች ናቸው። ውጤቱ ሲመጣ ለእኔ መናገሩ ቀርቶ ለወንድሜ ተነገረ። ወንድሜ ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ሰብስቦ ገና ጎህ ሳይቀድ በሬን አንኳኳ። በእኛ አገር ሰው ተሰብስቦ ሳይነጋ ከመጣ መርዶ ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ወገቤን አስሬ ወጣሁ። "ማን ሞተብኝ?" አልሁ። ሁሉም አቀርቅሯል። አንዱ ያስላል፣ አንዱ በከዘራው መሬት ይጭራል። በመጨረሻ ወንድሜ "ማንም አልሞተም፣ ማንጠግቦሽ፤ አንቺ ነሽ እንጂ" አለና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። የራሴን መርዶ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ፈርቻለሁ፤ አልዋሽም። ግን ከፍርሃቱ ንዴቱ በለጠብኝ። "እኔ ቆሜያለሁ፤ የቆመ ሰው አይለቀስም። ሻይ የምትጠጡ ከሆነ ግቡ፣ የምታለቅሱ ከሆነ ወደየቤታችሁ" አልኋቸው። ሁለቱ ገብተው ጠጡ። የቀሩት ተቀይመው ሄዱ፤ እስካሁንም የተቀየመኝ አለ።

ባሕር ዳር ሄጄ ግራ ጡቴን ቆረጡት። ከዚያ ኬሞ የሚሉት መድኃኒት ተከተለ፤ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ፣ ፀጉርን የሚያረግፍ፣ ምግብ ሁሉ ብረት ብረት እንዲል የሚያደርግ። ከመድኃኒቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ግን ከንፈር መጠጣው ነው። ሻይ ሊጠጣ የገባው ሁሉ የታሰረ ራሴን ያይና ከንፈሩን ምጥጥ ያደርጋል። "እሱ ያውቃል፣ ምን ይደረግ" ይላል። አንድ ቀን ብሶብኝ ካርቶን ቀደድሁና "ከንፈር ለሚመጥ ሻይ አይቀዳም" ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍሁ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ከመጠጣው ይሻለኝ ነበር።

አንጓችን ያገኘኋት በዚያው ሰሞን ነው። ከአዘና ወጣ ብላ ካለች መንደር የመጣች ገበሬ ናት፤ ያኔ ሠላሳ ዓመት ይሞላት አይሞላት። አገውኛው የአፍ መፍቻዋ ነው፤ አማርኛውን ብትችለውም ቆጥባ ነው የምትናገረው። አንድ ጠዋት ከባሕር ዳሩ ሚኒባስ ጥግ ተቀምጣ ብርቱካን ታሸታለች። ሻሿ ሥር ፀጉር የለም። አየኋት፣ አየችኝ። ምንም አልተባባልንም። ስንመለስ ዱርቤቴ ሳንደርስ አንጓች አቅሟ ተሟጥጦ ትታወክ ጀመር። መኪናውን አስቆምሁ፤ ሾፌሩ ሲያጉረመርም ያጠጣሁትን ሻይ ሁሉ አስታወስሁት። መንገድ ዳር ተንበርክካ ስታስመልስ ግንባሯን ያዝሁላት። በቃ፣ ያደረግሁት ይኸው ነው። የኔ ቀጠሮ ሲደርስ፣ ገና ምድጃዬን ሳላነድ፣ አንጓች በሩ ላይ ቆማለች። ሌሊት ተነስታ ነው የመጣችው።

"ምነው፣ ዛሬ ቀንሽ አይደለም እኮ?"

"የርስዎ ቀን ነው፣ እትዬ። ቀንዎን ልመልስ መጣሁ።"

"የምን ቀን?"

"ያኔ ግንባሬን ይዘውልኝ የለ? ወንፈል ነው። በእኛ አገር የተቀበሉት ቀን ይመለሳል።"

ወንፈል የገበሬ ሥራ ነው፤ ዛሬ አንተ እርሻዬ ላይ ትውልልኛለህ፣ ነገ እኔ ያንተ እርሻ ላይ እውላለሁ። ማመስገን የለ፣ ውለታ የለ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። ከዚህ በፊት ያየኋት እርዳታ ሁሉ አንገቴን የምታስደፋ ነበረች። ይቺ ግን ቀና አድርጋኝ ሄደች። በዚያው ቀን ዳንግላ ላይ አንዲት መምህርት ተሳፈረች፤ ሰው ሠራሽ ፀጉሯ ወደ ጆሮዋ ተንሸራቶ ግንባሯን እስከ አናቷ ገልጧል። ጎትቼ አስተካከልሁላት። "ይኼ ተማሪ ፊት ቢሆን ኖሮ ከኬሞው በፊት በእፍረት እሞት ነበር" አለችና ሳቀች። ሙሉጎጃም ይቺ ናት። ሦስት ሆንን።

ከዚያ በኋላ ማናችንም ብቻችንን ሄደን አናውቅም። የአንዷ ቀን ሲደርስ አቅም ያላት ሌላዋ አብራት ትሄዳለች፤ ብርቱካን ትልጣለች፣ ውኃ ትይዛለች፣ ሲመለሱ ግንባር ትይዛለች። የሚያንቋሽሽ ረዳት ከገጠመ መስደብ የኔ ድርሻ ነበር። ሙሉጎጃም በተቆረጠው በኩል ጡት ማስያዣዋ ውስጥ ዳጉሳ በጨርቅ ቋጥራ ትከት ነበር፤ ጥጥ ይቀላል፣ ዳጉሳ ግን ልክ ነው ትላለች። ክረምት ላይ ዝናብ ሲመታን "ዛሬ ካልደረቀ ሊበቅልብኝ ነው፤ ነሐሴ ላይ አርሙኝ" ትለን ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ድምፅዋን ሳትቀንስ "ሦስታችን ተደምረን ሦስት ጡት አለን፤ ምን ጎደለን?" አለች። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ፣ እናቱን ያመጣው አንድ ጎልማሳ ሳይቀር፣ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሙሉጎጃም በሁለተኛው ዓመት አረፈች፤ በሽታው አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚል ሲያጋጥመኝ ዛሬም እናደዳለሁ። ሰው መድኃኒት አይደለም። መድኃኒቱ መድኃኒት ነው፤ ሰው መድኃኒቱ ዘንድ የሚያደርስ ነው። እሷን ከማንም ይልቅ አድርሰናት ነበር፣ ግን ሞተች። ይኼን ሳልናገር የሌላውን ብናገር ተረት ይሆንብኛል።

ወደ አንጓች ልመለስ። ሕክምናዋ ከመሐሉ አለፍ እንዳለ አንድ ቀጠሮ ቀረች። መንደሯ ኔትወርክ የለም፤ ስልክ ለመደወል ጉብታ መውጣት ግድ ነው፣ ጉብታ ለመውጣት ደግሞ ጉልበት። ጠበቅናት። አንድ ከሰል ነጋዴ ሻዩን እያማሰለ "የዚያች የአዘናዋ ልጅ እሑድ ቁም ተዝካሯን ልታወጣ ነው አሉ" አለኝ። ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። ቁም ተዝካር ማለት ሰው በሕይወት እያለ የራሱን ተዝካር ራሱ ሲደግስ ነው፤ ወራሽ የሌለው፣ ወይም ዕድሜ የጠገበ ሽማግሌ ለነፍሱ የሚያወጣው። ሦስት ልጆች ያሏት የሠላሳ ዓመት ሴት አታወጣውም። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ደጋግሞ ነግሮን ነበር፤ መሐል ላይ የተቋረጠ እንደሆነ በሽታው ይበረታል፣ ሁለተኛ የቀረች እንደሆነ እንደገና መጀመር ሊኖር ነው፣ እሱም ከሠራ። ለሙሉጎጃም ደወልሁላት። "ድግስ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ቢላዋሽን ያዢ" አልኋት።

ቅዳሜ ደረስን። ከአዘና በእግር ነው፤ ሁለት ደካሞች በየድንጋዩ እያረፍን። ቤቱ ሰው በሰው ነው። አንጓች ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ለራሷ ተዝካር ሽንኩርት ትልጣለች። ቅንድቧ እንኳ ረግፎ ፊቷ የሕፃን መስሏል። ባሏ ደሳለኝ ፍልጥ ይፈልጣል፤ ቀና ብሎ ዓይናችንን አላየም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። አጠገቧ ተቀምጠን ቢላዋችንን አወጣን። አንድም ቃል ሳንጀምር ከመንገዱ ዋይታ ተሰማ። ሩቅ አገር የምትኖር አክስቷ "የአንጓች ተዝካር እሑድ ነው" ሲሏት ሞታለች ብላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች፣ ሙሾ እያወረደች መጣች። አጥሩን አልፋ ግቢው መሐል ደርሳ ሟቿን ሽንኩርት ስትልጥ አገኘቻት። እጇ በአየር ላይ ቀረ። ከወንዶቹ አንዱ ሳቁን ሊያፍን ፊቱን አዞረ። አንጓች ግን ተነሳች፤ ቢላዋዋን በንዴት ጣለች፤ የአክስቷን እጅ ያዘችና በአገውኛ ተናገረቻት፤ ምን እንዳለቻት አንዲት ጎረቤት ለሙሉጎጃም ተርጉማላት፣ እሷ ነገረችኝ። "ደረትሽን አትምቺው፤ እኔ ያጣሁትን አንቺ ለምን ትደበድቢዋለሽ?" ነው ያለቻት። ከዚያም የአክስቷን እግር ራሷ አጠበቻት።

ንዴቷን ሳይ ልቤ ተመለሰ። ንዴት ያለው ሰው ገና አለ።

"አንጓች፣ ማክሰኞ ቀንሽ ነው" አልኋት።

"አልሄድም፣ እትዬ። ትንሿ ልጄ እኔን አይታ ሸሸች። ሌላ እናት መጣች ብላ አለቀሰች። መሞቴ ካልቀረ እዚሁ ልጆቼ መሐል ልሙት፤ ለመንገዱ የያዝነው ብር ለነፍሴ ይሁን።"

"መሞትሽን ማን ነገረሽ?"

"ሁሉም ያውቀዋል። ሲገቡ ፊታቸውን አያዩም?"

አየሁት። ያው የጎረቤቶቼ ፊት ነው። ልለምናት ፈለግሁ፤ ነገር ግን ለልመና የሚሆን ምላስ አልተፈጠረብኝም። የተፈጠረብኝ የጠብ ምላስ ነው።

"እሺ፣ ያንቺ ይቅር" አልኋት። "የእኔም ቀን ማክሰኞ ነው። ባለፈው ያንቺ ቀን አብሬሽ ሄጃለሁ፤ አልተመለሰልኝም። ወንፈል ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። የሰው ቀን በልተሽ ነው ተዝካር የምታወጪ?"

ሙሉጎጃም ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ሽንኩርቷ ላይ አቀረቀረች። ደሳለኝ መጥረቢያውን አስቀመጠ። የነፍስ አባቷ፣ አጭር የሚያነክሱ ቄስ፣ በረንዳው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። አንጓች ወደሳቸው ዞረች።

"አባ፣ ይኼ ዕዳ ነው?"

ቄሱ ጢማቸውን አሻሹ። "ቀን ዕዳ ነው እንጂ፣ ልጄ። ሰው ቁም ተዝካሩን ሲያወጣ ዕዳውን መልሶ ነው" አሉ። ከዚያም ወደ እኔ አየት አደረጉና "ደግሞ ቁም ተዝካር ያወጣ ሰው ይሙት የሚል ሥርዓት የለም። አያቴ ቁም ተዝካሩን አውጥቶ ሁለት ጎተራ ዳጉሳ እስኪጨርስ ኖሯል፤ ወራሾቹ ናቸው የደከሙ" አሉ። ግቢው ሳቀ። አንጓች አልሳቀችም። ሽንኩርቷን ላጠች፣ ላጠች፣ ከዚያ "ማክሰኞ ስንት ሰዓት?" አለችኝ።

እሑድ ተዝካሩ ወጣ። በላን፣ ጠጣን፣ ደግሰውማ አምሮባቸው ነበር። ሲመረቅ ሰው ሁሉ ነፍስሽን ይማር ሲላት እኔ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ "ዕድሜሽን ያርዝመው" አልሁ። ዞረው አዩኝ። ይዩኝ። "ተዝካርሽን አወጣሽ፤ እንግዲህ ለሞት የቀረሽ ሥራ የለም፤ አሁን ወደ ኑሮሽ ተመለሺ" አልኋት። ደሳለኝ ማክሰኞ ሌሊት በበቅሎ አዘና ድረስ አደረሳት፤ ሚኒባስ ውስጥ አስገብቶ በመስኮቱ ነጠላዋን አስተካከለላት።

አንጓችና እኔ ባሕር ዳር ደረስን፣ ካርድ አስወጣን፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። አንጓች ውኃዬን ይዛለች፤ ለኔ መጥታለችና ባለሥራ እሷ ናት፤ ተራዬ እንዳያልፍ በር በሩን ታያለች። ነርሷ ወጥታ ስም ጠራች። የጠራችው የአንጓችን ነው። አንጓች ጠበቀች፤ የኔ ስም አልተከተለም።

"የርስዎስ?" አለችኝ።

"የእኔ አልቋል" አልኋት። "ባለፈው ወር ነው የጨረስሁት።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "ዋሹኝ።"

"ዋሸሁሽ። ነገም ቢሆን እዋሽሻለሁ።"

ነርሷ በሩን ይዛ ትጠብቃለች። መውጫው በስተግራችን ክፍት ነው፤ አንጓች አየችው፣ እኔም ስታየው አየኋት። ልይዛት አልሞከርሁም። ግራ እጄ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አይነሳም፤ ቀኙን አግዳሚው ላይ አሳረፍሁት። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ የራሴ መርዶ የመጣ ቀን እንኳ። እሷ ቆማ ታስባለች። ገበሬ ናት፣ ሒሳቡን በልቧ ታወርዳለች።

"እንግዲያው ዛሬ የእኔ ቀን ነው" አለች። "አብረውኝ የመጡት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ ነኝ።"

"ስለዚህ ዕዳዬን አልመለስሁም። እንዲያውም ሁለት ሆነ።"

"ሁለት ሆነ" አልኋት።

ነጠላዋን አውልቃ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ገባች።

ሕክምናውን ጨረሰች። ፀጉሯ ተመልሶ በቅሏል፤ እንደ ድሮው ለስላሳ ሳይሆን ከርደድ ያለ። ያቺ የሸሸች ልጇ እዚሁ ቆሰበር ቤት ተከራይታ ትማራለች። አንጓች ድንች ስትሸጥ እኔ ዘንድ ነው የምታድር፤ ሻይ ቤቴን ዘግቻለሁ፣ ምላሴን ግን አልዘጋሁም፤ እስኪመሽ እንጨቃጨቃለን። በመጣች ቁጥር "ቀንዎን መቼ ልመልስ?" ትለኛለች። "ምን አስቸኮለሽ" እላታለሁ።

ከዳንግላ በተመለስሁ ሰሞን ደግሞ ቀኝ ጡቴ ውስጥ ሌላ እብጠት ተገኘ። ሐኪሙ ዘንድሮ ለወንድሜ አልተናገረም፤ ዓይን ዓይኔን እያየ ለራሴ ነገረኝ። ወጥቼ ደወልሁላት፤ አሁን መንደሯም ኔትወርክ ገብቷል።

"አንጓች፣ ቀኔ ደረሰ" አልኋት።

"ደግሞ ውሸት ነው?"

"ምነው በሆነ። እውነት ነው።"

ከንፈር መጠጣ አልሰማሁም፤ አልመጠጠችም። "ሁለት ቀን አለብኝ" አለች። "ሦስት ነው የምመልስ።"

"ለምን ሦስት?"

"ዕዳው ወደ እርስዎ ይዙር። የሰው ቀን በልተው ደግሞ የት ይሄዳሉ?"